አንድ ስንዝር

«ስንት ቀረኝ?» አለ አባቷ አንገቱን በጋቢናው መስኮት አውጥቶ።

ሚጣ አውቶቡሱ እስኪቆም ጠብቃ በሁለቱ ስፖኪዮዎች መካከል እጇን ዘረጋች። አንዱ ስፖኪዮ የአባቷ አውቶቡስ፣ ሌላው ደግሞ ቀድሞ የቆመው አውቶቡስ ነው። አውራ ጣቷ አንዱን፣ ትንሿ ጣቷ ሌላውን ነካ።

«ስንዝር!»

«ያንቺ ስንዝር ነው የኔ?»

«የኔ።»

«እንዲያ ከሆነስ ዛሬ አስፍቼዋለሁ» ብሎ ሞተሩን አጠፋ።

ዴፖው ውስጥ አባቷን በስሙ የሚጠራው የለም። ሹፌሮቹ ሁሉ «ክር» ነው የሚሉት፤ አውቶቡሱን በመርፌ ቀዳዳም ቢሆን ያሾልከዋል ለማለት ነው። ግቢው ጠባብ ስለሆነ አውቶቡሶቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ያድራሉ። ሌላው ሹፌር ወዲያና ወዲህ እያለ፣ እየወረደ እያየ፣ ላብ እያጠመቀው የሚያስገባውን እሱ በአንድ ትንፋሽ ሸርተት አድርጎ ያስቀምጠዋል። ደስ ያለው ቀን ደግሞ ክፍተቱን ጋት ያደርሰዋል፤ አራት ጣት ተገጣጥሞ ብቻ የሚገባበት። ያን ቀን ሹፌሮቹ እየመጡ ጣታቸውን አስገብተው ይሞክሩና ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሄዳሉ።

ሚጣ ከትምህርት ቤት መልስ እዚህ እየመጣች በስንዝሯ መለካት የጀመረችው ገና እጇ አንድ ፍሬ ሳለ ነው። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷም እናቷን አልፏል፤ «ሚጣ» የሚለው ስም ግን አለቅሽም ብሏታል። አባቷ ያን ሁሉ ብረት፣ ያን ሁሉ መስታወትና ጎማ በሁለት እጁ ብቻ እንደፈለገ ሲያዘው ስታይ እስከ ዛሬ አፏን ከፍታ ትቀራለች። የክፍሏ ልጆች አባቶች ብዙ ዓይነት ሥራ አላቸው። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ግን የሷ አባት ብቻ እንደሆነ ታምናለች፣ ትኮራለችም።

ገና ከአውቶቡሱ ሳይወርድ የዴፖው ተቆጣጣሪ መጣች። ፈገግታ የማታበዛ፣ ስትናገር ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት።

«ሰኞ ጠዋት ቢሮ እፈልግዎታለሁ። የወደቀው ልጅም ከእናቱ ጋር ይመጣል» አለችው። ከዚያ ወደ ሚጣ ዞረች። «ልጅዎንም ይዘዋት ይምጡ። ያን ቀን ፊት ወንበር ላይ የነበረችው እሷ ናት።»

«እናመጣታለን» አለ አባቷ ሳቅ ብሎ። ተቆጣጣሪዋ አልሳቀችም።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሳምንት ነው። ሚጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአባቷ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ በበሩ በኩል ባለው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። መንገዱ ዳር መኪኖች ቆመው አስፋልቱን አጥብበውታል። ከፊታቸው አንድ ልጅ ቢጫ ቦርሳ አዝሎ ሳይክል ይነዳል። አባቷ ክላክስ አደረገ፤ ልጁ የሚጠጋበት ቦታ አልነበረውም። አባቷ ግን ክር አይደል፣ በቆሙት መኪኖች አጠገብ ልጁንም አውቶቡሱንም አሾልኮ ለማለፍ ገባ። ሚጣ በመስኮቱ ቁልቁል ስታይ የሳይክሉ መሪ ከሥሯ ነበር። በመሪውና በአውቶቡሱ መካከል ያለው ክፍተት ያው እሷ ሁልጊዜ የምትለካው ነው። ወዲያው ሳይክሉ ተንገዳገደ፤ ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ፤ ቢጫው ቦርሳ ከዓይኗ ጠፋ።

አባቷ አውቶቡሱን አቁሞ ሮጦ ወረደ። ልጁን አቅፎ ክሊኒክ ያደረሰው ራሱ ነው። የልጁ የትከሻ አጥንት ተሰብሯል። ልጁ ደግሞ የማይታወቅ ልጅ አይደለም፤ የሚጣ የክፍል ጓደኛ ነው። አፉ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» ይሉታል።

ሬዲዮ አውቶቡሱ ገፋኝ ይላል። አውቶቡሱ ላይ ግን አንድ ጭረት አልተገኘም። የሰኞው ጉዳይ ይህ ነው። አባቷ ለአዲስ ሹፌሮች አሠልጣኝ ሊሆን ስሙ ተይዟል፤ ስንት ዓመት የተመኘው ነገር ነው። ጥፋተኛ ከተባለ ይህ ቀርቶ ከመንገድም ሊያነሱት ይችላሉ።

«አትጨነቂ» አላት አብረው ወደ ቤት ሲሄዱ። «የጠየቁሽን ብቻ መልሺ። ነካው ወይ ይሉሻል። አልነካውም ትያለሽ። አለቀ።»

«እሺ።»

«ውሸት በይ አላልኩሽም እኮ። ነካሁት እንዴ?»

«አልነካኸውም።»

«ታዲያ» አለና ትከሻዋን አቀፈ። ያለው ሁሉ እውነት ነው። ሚጣ ግን እውነቱ ለምን እንደ ጠባብ ጫማ እንደሚያሳምማት አልገባትም።

በማግስቱ ሬዲዮ እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ ትምህርት ቤት መጣ። በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ከበቡት።

«ሬዲዮ፣ እስቲ ድገመው። አውቶቡሱ በምኑ ነው የገፋህ? በክርኑ?»

«በንፋሱ» አለ ሬዲዮ።

«አታካብድ ባክህ! ራስህ ተደናብረህ ወድቀህ ነው።»

«እየነገርኳችሁ። መጀመሪያ ገፋኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሳበኝ። እጅ ያለው ነው የሚመስለው።»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። አንዱ አውቶቡስ ሆኖ እየገፋ፣ ሌላው ሳይክል ሆኖ እየተንገዳገደ ቲያትር ሠሩበት። ሬዲዮ በሌላ ቀን ቢሆን ከሁሉም በላይ እሱ ይስቅ ነበር። አሁን ግን በልጆቹ መሃል አሻግሮ ሚጣን አያት።

«አንቺ ፊት ወንበር ላይ ነበርሽ። አይተሻል።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። «አልነካህም» አለች ሚጣ።

«ነካኝ አላልኩም እኮ።»

ሬዲዮ ትንሽ ጠበቃት፤ ከዚያ «እሺ» አለና ደህና በሆነው እጁ ቦርሳውን አንስቶ ሄደ። ያን ቀን ሙሉ አልተናገረም። የሒሳብ አስተማሪው እንኳ ጸጥታው ከብዷቸው «ዛሬ ምን ሆነን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሚጣ ፊቷን ደብተሯ ላይ ደፋች። በጣም አፍራ ነበር።

እሑድ ዴፖው ጭር ይላል። አባቷ አውቶቡሱን ሊያጥብ ሲሄድ ሚጣ የራሷን ሳይክል እየነዳች ተከተለችው። ግቢው ውስጥ ከእነሱ ሌላ ኤሊ ብቻ ነበር። ኤሊ የሚሉት ሌላውን የረጅም ጊዜ ሹፌር ነው፤ ሳይክል ባየ ቁጥር ከኋላው እያዘገመ፣ መንገዱ ካልሰፋ አላልፍም እያለ ተሳፋሪ ስለሚያማርር ያወጡለት ስም ነው። ለአሥር ደቂቃ መንገድ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ብለው ሲያሾፉበት ይስቃል እንጂ አይቆጣም።

«አባዬ» አለች ሚጣ፣ «ሬዲዮ ምን እንደተሰማው ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

ከግቢው በር እስከ ማጠቢያው የሚዘልቅ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ አለ። በመንገዱ ዳር መካኒኮቹ ሳይክላቸውን የሚያስሩበት፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ የብረት ማቆሚያ ቆሟል። ሚጣ የኋላ ጎማዋን እዚያ አስገብታ በገመድ ጠፍራ አሰረችው።

«እኔ እዚህ ላይ እቀመጣለሁ፤ አንተ በአጠገቤ እለፍ። ያን ቀን እንዳለፍከው።»

አባቷ ሳቀ። «ይሄ ነው እንዴ ያስጨነቀሽ? ይሁን። ምንም እንደማይሆን በዓይንሽ ታይዋለሽ፤ ነገም በሙሉ ልብሽ ትናገሪያለሽ።»

«ክር፣ ተው» አለ ኤሊ የራሱን መስታወት እየወለወለ።

«አንተ ደግሞ መስታወትህን ወልውል። እስክትጨርስ ይመሻል» አለው አባቷ፣ ወደ ጋቢናውም ወጣ።

ሚጣ ሳይክሉ ላይ ወጥታ መሪውን ጨበጠች። አውቶቡሱ እስከ በሩ ድረስ ወደ ኋላ ሄደ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ መጣ። መጀመሪያ የሰማችው ድምፁን አይደለም። መሬቱ ነበር በኮርቻው በኩል የነገራት። ከዚያ ሞተሩ፣ ከዚያ የሰፊው መስታወት ብልጭታ። በሕይወቷ ሙሉ ይህን አውቶቡስ ከላይ ሆና ወይ ቆሞ ነው የምታውቀው። ከዚህ ዝቅ ብላ፣ በሁለት ቀጭን ጎማ ላይ ሆና ስታየው ሌላ ፍጥረት ነው። አልፈራም ብላ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። ፈራች። አባቷ መሆኑን እያወቀችም ፈራች።

አውቶቡሱ ከሩቅ አለፈ። ከወዲያኛው ግንብ ሥር ተጠግቶ፣ ሌላ አውቶቡስ በመካከላቸው ሊያልፍ በሚችልበት ርቀት።

«አባዬ፣ ራቅክ እኮ» አለች ሲቆም።

«እሺ፣ እሺ። እንደገና።»

እንደገና መጣ። እንደገና በዚያኛው ግንብ በኩል አለፈ፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ይሻል ነበር። በሦስተኛው መንገዱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሞተሩ እየሠራ፣ በሩ እንደተዘጋ፣ ዝም ብሎ ቆመ። ሚጣ ከሳይክሏ ወርዳ ሄደች። አባቷ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ እጆቹን ያያቸዋል፤ የሌላ ሰው እጅ ነው የሚመስሉት።

«ምን ሆንክ?»

«እምቢ አሉኝ» አለ።

«ማን?»

«እጆቼ። ወደዚያ ልጠጋ ስል፣ አንቺ እዚያ ላይ ሆነሽ ሳይ...» አልጨረሰውም።

ኤሊ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለ። ሚጣ አባቷም እሷ ያሰበችውን እያሰበ እንደሆነ ከፊቱ አየች። ያን ቀን ሳይክሉ ላይ የነበረው ሬዲዮ ሲሆን እጆቹ እምቢ አላሉም። እነዚያ የምትመካባቸው እጆች፣ ከማንም በላይ የምታምናቸው፣ እሷን ሲያዩ ሌላ ሕግ አወጡ።

አባቷ ወረደ። ወደ ሳይክሉ ሄዶ ገመዱን ፈተሸ፤ ኮፍያውን አጥብቆ ራሱ ወጣበት። ሳይክሉ ለሱ ትንሽ ስለሆነ ጉልበቱ ወደ ውጭ ወጥቷል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር።

«ኤሊ፣ አንተ ንዳ» አለ። «ስንዝር።»

«አላደርገውም።»

«ግቢው ባዶ ነው፤ ሳይክሉ ታስሯል። ንዳ አልኩህ።»

ኤሊ ጥቂት አሰበ። «ክንድ እሰጥሃለሁ» አለ። «ከክንድ በታች ብታለቅስም አልጠጋህም። አንቺ ልጅ፣ አንቺ ከማጠቢያው ግንብ ጀርባ ቁሚ።»

ሚጣ ከግንቡ ጀርባ ቆማ አንገቷን ብቻ አወጣች። ኤሊ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይዘገይ መጣ። አውቶቡሱ አባቷ ዘንድ ሲደርስ የአባቷ ኮፍያ ብድግ ብሎ በረረ። ሸሚዙ ከጀርባው ተነፋ፤ ትከሻው ወደ ዳር ሄደ፤ ወዲያው ደግሞ መላ ሰውነቱ፣ ያ ከባድ ሰው፣ የሆነ ነገር እጁን ይዞ እንደጎተተው ወደ አውቶቡሱ ጎን ዘመመ። የታሰረው ሳይክል ብረቱን አንጫጫው። ከዚያ የማጠቢያው ውሃ ላይ ሞገድ ተነሳ፤ ከግንቡ ጀርባ ያለችው የሚጣ ፀጉር ሁሉ ፊቷ ላይ ወደቀ።

አየር ክብደት እንዳለው በፊዚክስ ተምራለች፤ ፈተና ላይም በትክክል መልሳዋለች። ዓይኗ እያየ፣ አንድም ነገር ሳይነካው፣ አባቷን እንደ ወረቀት ማንሳት እንደሚችል ግን ማንም አልነገራትም። ባዶ የሚባለው ቦታ ባዶ አልነበረም። በየቀኑ በስንዝሯ የምትለካው ክፍተት ውስጥ ይህ ሁሉ ጉልበት ተቀምጦ ነበር፤ አውቶቡሶቹ ቆመው ስለነበር ብቻ ነው ያላየችው። ግንቡን ተደግፋ ቆየች።

አባቷ ከሳይክሉ አልወረደም። ኤሊ አውቶቡሱን አቁሞ ተመለሰ፣ ኮፍያውን ከውሃው ውስጥ አንስቶ ጨምቆ ሰጠው።

«ክንድ ነበር ይሄ?» አለ አባቷ።

«ክንድ ነው። በለጥ ሳይል አይቀርም።»

አባቷ እርጥቡን ኮፍያ ጭኑ ላይ አስቀመጠና መንገዱን ትክ ብሎ አየ። «መጀመሪያ ገፋኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ቀጥሎ ደግሞ ሳበኝ።»

ሚጣ ክው አለች። የሬዲዮን ቃል ለአባቷ ነግራው አታውቅም።

ያን ምሽት ቤት ውስጥ ሦስቱም ራት ቀረቡ። እናቷ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አይታ «ምነው፣ አባትና ልጅ ምላሳችሁን ዴፖ ጥላችሁት መጣችሁ?» አለች። አባቷ ፈገግ ለማለት ሞክሮ አልሆነለትም፤ ደክሞኛል ብሎ ገብቶ ተኛ። ነገ ምን እንደሚል አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ብትጠይቀው ያንኑ «የጠየቁሽን ብቻ መልሺ» እንዳይላት ፈርታ ነበር። ያን ካላት እሺ ማለቷ እንደማይቀር ራሷን ታውቃለች።

ሰኞ ጠዋት የተቆጣጣሪዋ ቢሮ ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥቂት ወንበሮችና መስኮቱ ላይ ውሃ የጠማው አንድ አበባ ነበር። ሬዲዮ ከእናቱ ጋር በአንደኛው ጫፍ ተቀምጧል። እናቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ እንደመጣች ከደንብ ልብሷ ያስታውቃል። አባቷ ሸሚዙን በደንብ ተኩሶ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሌላኛው ጫፍ ተቀመጠ። ሚጣን ግን አላያትም።

ተቆጣጣሪዋ ጊዜ አላጠፋችም። «ፊት ወንበር ላይ ነበርሽ?»

«አዎ።»

«ውጭውን ታዪ ነበር?»

«አይ ነበር።»

«አውቶቡሱ ልጁን ወይም ሳይክሉን ነክቷል?»

«አልነካም» አለች ሚጣ።

ሬዲዮ አንገቱን ደፋ። የእናቱ እጅ ሄዶ ጉልበቱን ያዘ።

«አመሰግናለሁ፤ መቀመጥ ትችያለሽ» አለች ተቆጣጣሪዋ።

የተጠየቀችውን መልሳለች። አንድም ቃል አልዋሸችም። ከኋላዋ ያለው ወንበር ላይ ብትቀመጥ ነገሩ እዚህ ያበቃል፤ አባቷ አሠልጣኝ ይሆናል፤ እሷም እንደ ድሮው ከትምህርት ቤት መልስ ዴፖ ትሄዳለች። ሬዲዮም አንድ ቀን ማውራት ይጀምር ይሆናል። ሚጣ ይህን ሁሉ አሰበች፤ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። የአባቷ ሸሚዝ ሲነፋ፣ ያ ከባድ ሰውነት ወደ ብረቱ ሲዘም ዓይኗ ላይ ነበር። እሱ ላይ ገመድ ነበረው። ሬዲዮ ላይ ምንም አልነበረም።

ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። እጇን ጣውላው ላይ ዘርግታ ከአውራ ጣቷ እስከ ትንሿ ጣቷ ለጠጠችው።

«አልነካውም» አለች፣ ድምፁ የራሷ አልመስል አላት። «የቀረው ግን ይህን ያህል ነበር። ስንዝር።»

ተቆጣጣሪዋ እጇን አየችው፤ የሬዲዮ እናትም አየችው። ሚጣ አባቷን ማየት ስላልቻለች እሷም የራሷን እጅ አየች። ላነሳው ብትልም የሚነሳ አልመሰላትም።

ወንበር ተንቋቋ። የአባቷ እርምጃ ቀስ እያለ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ፤ አጠገቧ ቆመ። ያ ትልቅ እጁ ከላይ መጥቶ እጇን ሲይዘው ሊያነሳው ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

አላነሳውም። አውራ ጣቷን ያዘና በቀስታ ወደ ውስጥ አጠፈው። ቀጥሎ የተበተኑትን አራት ጣቶቿን አንድ በአንድ ሰብስቦ አገጣጠማቸው።

«እሷ በመስኮት ነው ያየችው» አለ ለተቆጣጣሪዋ። «እኔ በስፖኪዮ አይቼዋለሁ። ጋት ነበር።»

ተቆጣጣሪዋ «ጋት» ብላ ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ከዚያ ወደ ሬዲዮ ዞረች። «እስቲ አንተ ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

ሬዲዮ ቀና አለ። መጀመሪያ ሚጣን፣ ቀጥሎ ጣውላው ላይ ያሉትን ሁለት እጆች አየ፤ ጉሮሮውንም ጠረገ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው። ስለ ቆሙት መኪኖች፣ ስለ ክላክሱ፣ ስለ ንፋሱ፣ ስለገፋውና ስለሳበው ነገር አንድ ሳያስቀር ሲያወራ፣ አባቷ እጁን ከሚጣ እጅ ላይ ሳያነሳ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።